ከመጠጥ ለማገገም እርዳታ ‘የሚመጥነው’ ማን ነው? (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ከአልኮል ለማገገም በሚሰጥ ኮቺንግ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚል ነው። የተጻፈው ለእኛው አካባቢ ነው፤ ለደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሉ ወረዳዎች። ጸሐፊው በዚሁ ሥራ ላይ እንዳሉ ይናገራሉ። ስማቸውን አላነሳም፤ ጉዳዬ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኮች ሐኪም አይደለም። መድኃኒት አያዝም፣ የአእምሮ ሕክምናም አይሰጥም። መጠጥ ማቆም ወይም መቀነስ ከሚፈልግ ሰው ጋር በየሳምንቱ እየተገናኘ አብሮ እቅድ ያወጣል። ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ ጠላው ሲቀርብ ምን ይባላል? ደመወዝ የተቀበሉ ዕለት በየትኛው መንገድ ወደ ቤት ይገባል? ሐራራው ሲነሳ ለማን ይደወላል? ሥራው ይህን ይመስላል። ብዙዎቹ ኮቾች ራሳቸው ጠጥተው ያቆሙ ናቸው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ለኮቺንግ የሚመጥነው በመጠጥ ሁሉን ያጣ ሰው ነው። ከመግባቱ በፊት ሰባት ቀን በራሱ አቁሞ ማሳየት አለበት። በዐቢይ ጾም ማቆም የሚችል ሰው ሱሰኛ ስላልሆነ እርዳታ አያስፈልገውም። ቤተሰብ ጎትቶ ያመጣው አይመጥንም። አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ሥራዋን እስክትተው ትመለስ። ማንበብና መጻፍ የማይችልም እንዲሁ። ሁለት ጊዜ ያገረሸበት ይሰናበት። በመጨረሻም፣ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ቁርጠኝነቱን አሳይቷል።

እኔ ነርስ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስሠራ በመጠጥ የተጎዱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ኮች የመጣውን ሁሉ መቀበል የለበትም። ሰክሮ ከመጣ ሰው ጋርም በዚያ ሰዓት ቁጭ ብሎ እቅድ ማውጣት ዋጋ የለውም፤ በሰላም ቤቱ ይግባና ነገ ይምጣ። ከዚያ ውጭ ያሉት መስፈርቶች ግን በሙሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ ይህ ሰው እርዳታ ይገባዋል ወይ? ኮች ይህን የመጠየቅ ሥልጣን የለውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ ሰው አሁን ቢያቆም ሰውነቱ ይችለዋል? እሱ ራሱ ምን ይፈልጋል? እኔ የማልሰጠው ምን ያስፈልገዋል?

ሁሉን ያጣ ብቻ ይግባ ከሚለው ልጀምር። እኛ ሀገር “መሬት ሲነካ ይነቃል” የሚሉ ብዙ ናቸው። መሬት መንካት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ግን እናውቃለን። በሬው ተሽጦ፣ መሬቱ ለሌላ ሰው በእኩል ተሰጥቶ፣ ልጆቹ ትምህርት አቋርጠው ማለት ነው። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ማለት ነው። ጉበቱ በዚህ ደረጃ የደደረ ሰው ቢነቃም የጠፋው ጉበት አይመለስለትም። እስከዚያ ጠብቁ ማለት ምክር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል መጠይቅ አለ። አሥር ጥያቄ ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ለጤናው አስጊ ነው ይባላል። 20 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጥገኛ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ በባለሙያ መታየት አለበት። አሁን የጽሑፉን መስፈርት ከዚህ ጋር እናስተያየው። በመጠይቁ ከ20 በታች ያመጡት፣ ገና ሥራቸውንና ቤታቸውን ያልለቀቁት፣ ምክርና ክትትል በቀላሉ የሚረዳቸው ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ እነሱን ይመልሳል። ከላይ ያሉት ደግሞ ኮች ብቻውን የማይበቃቸው፣ መጀመሪያ ሐኪም ሊያያቸው የሚገባ ናቸው። ጽሑፉ እነሱን ለኮች ብቻ ይሰጣል። መሰላሉ ተገልብጧል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ማታ “ለብርዱ” ሁለት መለኪያ የሚል ሰው ስንት ነው? አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን የሚያጣው ያኔ ነው። ሁለቱ መለኪያ አራት ሲሆን፣ አራቱ ጠዋትም ሲጀመር፣ ሰውየው ገና ሁሉን አላጣም። ከሥራም አልቀረም። ከእሱ ጋር መነጋገር ያለብን ዛሬ ነው። ወጣቶችም አሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በየአረቄ ቤቱ ግን ዕድሜያቸው እዚያ ያልደረሰ ልጆች ይቀመጣሉ። እነሱ ሁሉን እስኪያጡ ልንጠብቅ ነው?

አሁን ወደ ሰባቱ ቀን ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያስፈራኝ ይህ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የምር የሚፈልግ ሰው ሳምንት አቁሞ ያሳይ፣ ያልቻለ ገና አልቆረጠም። ችግሩ፣ ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚሆነው ነገር ከመቁረጥና ካለመቁረጥ ጋር አይገናኝም። አንጎሉ አልኮሉን ለምዶ በዚያ ላይ ተስተካክሏል። አልኮሉ ድንገት ሲወጣ አንጎሉ ከልክ በላይ ይነቃቃል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ከጽሑፉ ሰባት ቀኖች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራቱ እነዚህ ናቸው። ሰውየው የሚያሳልፋቸው ደግሞ ቤቱ ብቻውን ተኝቶ፣ ለኮች ቁርጠኝነቱን ለማሳየት ነው።

ሕክምናው ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ባዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ውስጥ ተጽፏል። ዲያዜፓም በልክ እየተሰጠ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ይጎድለዋልና፣ ጉድለቱ ደግሞ አንጎልን እስከወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። ፈሳሽ ይሰጣል፣ ሰውየው ይታያል። ከባድ የሆነው ሆስፒታል ይተኛል። አብዛኛው ሰው በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፈዋል። ኮች ማድረግ ያለበት ሰውየውን ወደዚያ መላክና እዚያው ሄዶ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚፈልግ ነገር አለ። መጠጥ ለማቆም ወደ ጸበል የሚሄድ ብዙ ሰው ነው። ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳሉ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሄዳሉ። እኔም የእምነቱ ተከታይ ነኝ፤ እዚያ ሄደው መጠጥ እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ግን ቀኑን እንቁጠር። ሰውየው የመጨረሻውን ጠጥቶ ይነሳል። አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ በጾምና በጸሎት ያሳልፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥና መጮህ ይጀምራል። የማይታይ ነገር ያያል። አብሮት ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ነው፤ ያደረበት መንፈስ እየጮኸ ነው። ማንም ወደ ሕክምና ለመውሰድ አያስብም። ይህን የምጽፈው ጸበሉን ለመንቀፍ አይደለም። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለመጠጥም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጠዋት መለኪያ ካልያዘ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አብሮት የሚሄደው ሰው ደግሞ መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ካየ ወደ ሐኪም ለመውሰድ አያመንታ።

ጸሐፊው ይህን ቢያነቡልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ቢያቆዩት እንኳ የሰባቱን ቀን መስፈርት ዛሬውኑ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ። በእሱ ቦታ ጥቂት ጥያቄዎች ይግቡ። በየቀኑ ትጠጣለህ? ጠዋት ሳትጠጣ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ከዚህ በፊት ስታቆም ተንፈራግጠህ ወይም ቃዥተህ ታውቃለህ? የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ የጉበት በሽታ አለብህ? የቲቢ መድኃኒት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ትወስዳለህ? ደም ታስመልሳለህ? ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ለሴት ደግሞ፣ እርጉዝ ነሽ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ “አዎ” ያለ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። መጠኑን ስንጠይቅ ደግሞ “ስንት ጠርሙስ” ብቻ አይበቃም። ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ አረቄው በመለኪያ ነው። የአረቄውም ጥንካሬ እንደ አወጣጡ ነው፤ ዳግም የወጣው ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። እኔ በልምድ ያየሁት፣ “በቀን የስንት ብር ትጠጣለህ?” ሲባል ሰው ቶሎ እውነቱን ይናገራል።

ከዚሁ ጋር የጾሙ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን መጠጥ የተወ ሰው ሱሰኛ አይደለም፣ ኮቺንግም አያስፈልገውም ይላል ጽሑፉ። ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ጠጪውም ራሱን የሚያጽናናበት ነው። “እኔ እኮ ስፈልግ አቆማለሁ፤ ጾሙን ሙሉ አልቀመስኩም።” እውነቱን ነው፣ አልቀመሰም። ግን የፋሲካ ዕለት ምን ሆነ? ጥያቄው እሱ ነው። በጾም ሁሉም ሰው አብሮ ይተዋል፣ ግብዣው ይቀንሳል፣ “ጠጣ” የሚል የለም። ሕዝቡ በሙሉ አብሮት ነው። ጾሙ ሲፈታ ብቻውን ይቀራል። በጾም መተው የቻለ ሰው ለኮቺንግ እንዲያውም በጣም ምቹ ነው። ምን እንደሚረዳው አስቀድሞ ያውቃል። ሥራው ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሳምንታት እቅድ ማውጣት ነው። እንግዲህ እሱን ነው ጽሑፉ በሩን የሚዘጋበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በየዓመቱ አቁሞ በየዓመቱ የሚጀምር ሰው ሰውነቱ ማቆሙን እየለመደ አይሄድም። መጠጥ ተደጋግሞ ሲቆምና ሲጀመር፣ በቆመ ቁጥር የሚመጣው ሕመም እየከፋ ሊሄድ ይችላል። “አምና ጾም ሲያዝ ምንም አልሆንኩም” ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም።

ቤተሰብ ያመጣው አይመጥንም የሚለውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው እኛን የረሱን ይመስለኛል። በሰሜን ሸዋ ብቻውን ተነስቶ “መጠጥ አስቸግሮኛል” ብሎ የሚመጣ ስንት ሰው ነው? የሚመጣው በባለቤቱ ነው፣ በታላቅ ወንድሙ ነው፣ በንስሐ አባቱ ነው። አንዳንዱን ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ በመስቀል ምሎ፣ ምሎም አፍርሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያመጡት። እነዚህን ሁሉ ከመለስን ማን ቀረ?

በፈቃዱ መምጣትና በፈቃዱ መቆየት ይለያያሉ። በሩ ድረስ ሚስቱ ታመጣዋለች። ከበሩ ወዲህ ያለው የኮቹ ሥራ ነው። ጥሩ ኮች ባለቤቱን በትሕትና ውጭ እንድትጠብቅ ይጠይቃል። ከዚያ ሰውየውን ለብቻው ያናግራል። “ጋሼ፣ እሳቸው የሚፈልጉትን ነግረውኛል። እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?” አንዱ “ምንም” ይላል። ሌላው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ካለው የተለየ ነው። ቤተሰቡ ስለ ገንዘቡ ይጨነቃል፤ እሱ ግን ልጁ ፊት እጁ እየተንቀጠቀጠ መጉረሱ ነው የሚያሳፍረው። ወይ እድር ላይ መናገር መፍራቱ ነው። ወይ ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው ነገር ነው። ሥራው የሚጀመረው ከዚያች መልስ ነው። ሰው አንድ ቀን ይፈልጋል፣ በማግስቱ አይፈልግም። ልተው እያለ ለመተው ይፈራል። ይህ የመጠጥ ችግር ጠባይ ነው፤ ፈቃደኛ አለመሆን ብለን ልንፈርድበት አይገባም። ማስፈራራትና ማሳፈር ደግሞ ይበልጥ ወደ መጠጡ እንደሚገፋ እኛ ቤት ያላየ የለም። መሐላም ያፈረሰ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑም ከሽማግሌውም ይሸሻል። እንዲህ ያለው ሰው የሚቀርበው ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሰውየው ጨርሶ አልመጣም ካለስ? ያኔ ባለቤቱ ትምጣ። እሷም እርዳታ ያስፈልጋታል። ሲሰክር እንዴት እንደምታናግረው፣ ሳይጠጣ የዋለ ቀን ምን እንደምታደርግ፣ ዕዳውን መሸፈን መቼ እንደምታቆም ከኮች ጋር ልትነጋገር ትችላለች። የሚመታት ከሆነ ግን ነገሩ ከኮቺንግ በፊት ነው። መጀመሪያ የእሷና የልጆቹ ደህንነት ይጠበቅ።

ስለ ሴቶች ካነሳሁ፣ አረቄ የምታወጣዋ ሴት ጉዳይ አለ። ሥራዋን ሳትተው አትምጣ ተብላለች። ጸሐፊው በዚህ ሥራ ልጅ ያሳደገች እናት አያውቁም ብዬ አላስብም። በየከተሞቻችን ዳር ጠላና አረቄ ሸጠው የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያስተምሩ ሴቶች ሞልተዋል። አብዛኞቹ መሬት የላቸውም፣ ባልም የላቸውም። ከተማችን ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች አሏት። ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድ መጠጥ ለማቆም እርዳታ ቢፈልግ “መጀመሪያ ሥራህን ልቀቅ” የሚለው አለ? ታዲያ ለእሷ ለምን?

ከመጠጡ ጋር አብሮ መዋል አደገኛ መሆኑን አልክድም። አረቄ የምታወጣ ሴት ስትቀምስ ነው የምትውለው። ደንበኛም ይጋብዛታል፤ “አንቺም ቅመሽ” ሲላት እምቢ ማለት ገበያ ያሳጣል። የሴት ሰውነት ደግሞ ውሃው ከወንድ ያነሰ ስለሆነ ያው መጠን ደሟ ውስጥ በርትቶ ይገኛል፣ ጉዳቱም ቶሎ ይደርስባታል። ስለዚህ እቅዱ ከዚያው ይጀምር። ቅምሻውን ለታመነ ሰው መተው። ደንበኛ ሲጋብዝ የሚባለውን ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት። በምሽት ሰዓት ብቻዋን አለመሆን። ቀስ በቀስ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ፤ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ሻይና ዳቦ። ይህ ወራት ይፈጃል። ከኮች ጋር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ሥራዋን አስቀድማ ትተው ብሎ መመለስ ግን ልጆቿ ተርበው ትምጣ እንደማለት ነው። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የሚባለው ግልጽ ነው፤ ለጽንሱ ደህና የሚባል የመጠጥ መጠን የለም። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ከሆነ ግን በድንገት አታቁም፤ ሆስፒታል ትሂድ፣ በክትትል ታቁም። ሴት በዚህ ጉዳይ ከወንድ ይልቅ ታፍራለች፣ ትደብቃለችም። እንደምንም ደፍራ መጥታ በሩ ላይ ከመለስናት ዳግመኛ አትመጣም።

ማንበብና መጻፍ አለመቻልን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ጸሐፊው ይህን ያስገቡት ደንበኛው በየቀኑ ማስታወሻ እንዲጽፍ ስለሚፈልጉ ነው። የመንዝ ገበሬ ቀኑን ያለ ደብተር ያውቃል። “በሚካኤል ጠጥቼ ነበር፤ እስከ ገብርኤል ዋልኩ፤ በማርያም ግን ዝክር ላይ አሸነፈኝ” ይልሃል። ከ12 እስከ 19፣ ከ19 እስከ 21፤ ቁጥሩ አለ፣ የጠጣበት ቦታ አለ፣ ምክንያቱም አለ። ኮቹ ይጻፈው። ለሚቀጥለው ጽዋ ማኅበር ደግሞ ከወንድሞቹ አንዱን አስቀድሞ ያናግርለት፤ ለእሱ ያላደረ ብርዝ ወይም ውሃ ይቅረብለት።

ሁለት ጊዜ ያገረሸበት ይሰናበት ለሚለው አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውስ። በዓለም ላይ ጠጪዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ነው። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነበር። ለዓመታት ሲያቆም ሲጀምር የኖረ ሰው ነው። በግንቦት ወር ላይ ሌላኛውን መሥራች ቢል ዊልሰንን አገኘ፤ መጠጡንም ተወ። ሳምንታት ሳይቆይ ለሐኪሞች ስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄደና እንደገና ጠጣ። ዊልሰን አላሰናበተውም። አብሮት ሆኖ አስታመመው። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በዚያው ዓመት ጁን 10 ቀን ነው። ማኅበሩ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ስሚዝ እስከ ሞተበት እስከ 1950 ድረስ አልጠጣም፤ እጅግ ብዙ ሰዎችንም ረድቷል። በጽሑፉ ደንብ ቢሆን ይህ ሰው ገና ድሮ ተሰናብቶ ነበር። ማኅበሩም ለመግባት የሚጠይቀው ዛሬም ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

ሲያገረሽ ኮቹ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የት ሆነ? ከማን ጋር? ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ? እየባሰ ነው ወይስ በመካከሉ ያለው ጊዜ እየረዘመ ነው? ከሳምንት ወደ ወር የረዘመ ሰው እየተሻለው ነው። በየጊዜው እየባሰበት ከሄደ ደግሞ ኮቺንግ አልበቃውም ማለት ነው፤ ምናልባት ድብርት አለበት፣ ምናልባት መድኃኒት ያስፈልገዋል። ያኔ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ከሆነም አዲስ አበባ አማኑኤል ይላክ። ያኔም ቢሆን ኮቹ ስልኩን አይዝጋበት። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚጠብቀው ያው ሰፈር፣ ያው አረቄ ቤት ነው። ኮች ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገው ያን ሳምንት ነው።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። የሦስት ወር አስቀድሞ መክፈል የቁርጠኝነት ምልክት ነው ተብሏል። እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሰውየው አይደለም። እናቱ በግ ሸጣ ነው፣ ባለቤቱ ከእቁቧ አውጥታ ነው። ያ የእነሱን ጭንቀት እንጂ የእሱን ቁርጠኝነት አያሳይም። ሌላ ችግርም አለው። የሦስት ወር ክፍያ ኪሱ የከተተ ኮች በሁለተኛው ሳምንት ላይ “ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ” ማለት ይከብደዋል። ማን ይመጥናል የሚለውን የሚወስነው ሰው ከውሳኔው የሚያተርፍ ከሆነ፣ የከፈለ ሁሉ “ይመጥናል” ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውይይት በነጻ ይሁን፤ ደህንነት የሚጣራበት ስለሆነ። ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር ይከፈል። ቀድሞ የከፈለ ሰው ወደ ሕክምና ከተላከ ቀሪው ገንዘብ ይመለስለት። ይህም በውል ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የሚያምነው ዘመዱ ባለበት ይነበብለት።